ልጄን ውሃ የከለከልኩባቸው ሦስት ቀናት

ስሜን ባልናገር ይሻለኛል። መርካቶ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ «የሶሊ እናት» ነው የሚለኝ፤ እናንተም እንደዚያው ጥሩኝ። ከራጉኤል ወረድ ብሎ፣ ሁለት እጄን ብዘረጋ ግድግዳና ግድግዳዋን የምነካት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዚፕ፣ ቁልፍና ክር እሸጣለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ በወር ውስጥ ቤቱ የሚያድርባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የምንኖረው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ አምስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ቆጥ ባላት አንዲት ክፍል ነው። ቆጡ ላይ ልጄ ሶልያና ትተኛለች፤ ከሥር እኔ።

ይህ ነገር ሲደርስብን ሶሊ ስምንት ዓመቷ ነበር። እኔ ደግሞ ልጄን የምወዳትን ያህል የሰው አፍ የምፈራ ሴት ነበርኩ። ይህንን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ያደረግኩትን ስትሰሙ ከየት እንደመጣ እንዲገባችሁ ነው።

ሐምሌ ነበር፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አንድ ማለዳ፣ ገና ወገግ ሲል፣ ግንባሬ ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ጣሪያው ያፈሰሰ መስሎኝ ዞር ብዬ ተኛሁ። ሁለተኛው ጠብታ ጉንጬ ላይ አረፈ። ለብ ያለ ነበር። የዝናብ ውሃ ደግሞ ለብ አይልም። ዓይኔን ስገልጥ ከቆጡ ጣውላዎች መሀል ጠብታው እየተከታተለ ይወርዳል።

መሰላሉን ወጥቼ አየኋት። የረጠበ ፍራሽ ላይ እጥፍጥፍ ብላ ተኝታለች። እጄ ሲነካት እንኳ አልነቃችም።

«ሶሊ! ተነሺ! ምንድን ነው ይሄ?»

ዓይኗን ገልጣ አንዴ እኔን፣ አንዴ አንሶላውን አየች። «አላወቅኩም እማ» አለች። «አላወቅኩም።»

ሶሊ አልጋ ማርጠብ የተወችው በአራት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አድርጋው አታውቅም። አንድ ጊዜ ያጋጥማል ብዬ አለፍኩት። በማግሥቱ ደገመችው። በሦስተኛውም ቀን። ሳምንቱ ሲያልቅ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ሆነ። ከፍራሹ በላይ ፕላስቲክ አነጠፍኩ፤ ማታ ማታ እየቀሰቀስኩ ወደ ፖፖ ወሰድኳት፤ ተቆጣሁ፤ አንድ ቀን ጭኗን ቆነጠጥኳት። አባቷ ሲርቅባት ሆን ብላ የምታደርገው መሰለኝ። አንድ ቀን ጠዋት ደግሞ የግቢው ልጆች እያዩ አንሶላዋን ራሷ እንድታጥብ አደረግኩ። አቀርቅራ አጠበች። በመሀል በመሀል በእጇ እየቀዳች ከገንዳው ውሃ ስትጠጣ አይቼ እጇን መታሁት።

ግቢያችን ውስጥ በዕድሜ የሚበልጡን እትዬ የሺ ናቸው። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ሴት ናቸው። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ አንሶላውን ሳላጥበው ንፋስ ይምታው ብዬ ገመድ ላይ ሰቅዬው ገባሁ። ብዙም ሳልቆይ ከውጭ ጠሩኝ።

«የሶሊ እናት፣ እስቲ ነይ። ነይ ብቻ፣ አትጩኺ።»

ወጣሁ። እትዬ የሺ ከአንሶላው ሁለት እርምጃ ርቀው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል። ከግድግዳው ስንጥቅ የወጣ ጥቁር የጉንዳን መስመር ምሰሶውን ወጥቶ፣ ገመዱን ተሻግሮ፣ አንሶላው ላይ ወርዷል። ገመዱ ላይ የሌላ ጎረቤት ልብስ ነበር፤ እሱን አልነኩትም። የሶሊ አንሶላ ላይም ደረቁን አልነኩትም። ሽንቱ ያረፈበትን ብቻ፣ ልክ በጠመኔ እንደተከበበ፣ ዙሪያውን ይዘው ሞልተውታል። ቦታው ጥቁር ሆኖ ይንቀሳቀሳል።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ የሺ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ስንት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። የተወ ልጅ ዝም ብሎ አይጀምርም። ይቺ ልጅ በቀትር ከቦዩ ዳር ስትጫወት አልነበር? አንድ ነገር ነክቷታል።»

«ምን ይነካታል እትዬ?» አልኩ። ግን ፀጉሬ ቆሟል።

«አስተውለሻታል? ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ትጠጣለች፣ ግን አትረካም። የሚጠጣው እሱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም። ውሃውን ከልክዪው። ሲያጣ ይለቃታል።»

እውነታቸውን ነበር፤ ከስታለች። የባለፈው ዓመት ቀሚሷ ከትከሻዋ ይንሸራተት ጀምሯል። እኔ የክረምት ጉንፋን ያመጣው መስሎኝ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ያየሁት ሁሉ ሌላ ትርጉም ያዘ።

ሐሙስ ጠዋት የውሃ በርሜሉን ከድኜ፣ ከላዩ ሙሉ የጋዝ ሲሊንደር ጫንኩበት። ሶሊን ይዤ ሱቅ ሄድኩ።

«እማ፣ ውሃ።»

«የለም።»

«ትንሽ ብቻ። አፌ ተጣበቀ።»

«ማታ ለመሽናት ነው? የለም አልኩ!»

ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ዋልን። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሳስተናግድ ዞር ስል የለችም። በሩ ላይ ከተወጠረው ሸራ ጫፍ የሚንጠባጠበውን የዝናብ ውሃ ምላሷን አውጥታ ትቀበላለች። የሚያልፍ ተሸካሚ አይቶ ሳቀ። እኔ አፍሬ ጎትቼ አስገባኋት።

ያን ዕለት ቁርስ ላይ ከጠጣችው አንድ ስኒ ሻይና ከሸራው ጠብታ ሌላ ፈሳሽ በአፏ አልገባም ብዬ እምል ነበር። ሌሊቱን ግን ጠብታው መጣ። ከፕላስቲኩ ተርፎ፣ ጣውላውን አልፎ፣ ከሌላው ቀን ይልቅ በዛ። ሻማ ይዤ ተቀመጥኩና ሲንጠባጠብ አየሁት። አሁንም ሳስበው ይዘገንነኛል። ያልጠጣች ልጅ ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣችው? ከዚያ በኋላ ከእሷ የሚወጣ ነገር መሆኑን ማመን አቃተኝ። እናት ሆኜ የገዛ ልጄ ወደተኛችበት መሰላል መውጣት ፈራሁ።

ዓርብ ዕለት ሱቅ ውስጥ የዚፕ ማዳበሪያ ላይ ተኝታ ዋለች። ከሱቄ ቀጥሎ ሸቀጥ የሚያከፋፍሉ ጋሽ ከማል የሚባሉ ትልቅ ሰው አሉ፤ ከጉራጌ አገር በወጣትነታቸው መጥተው መርካቶ ያረጁ ናቸው። ለጁምዓ ሊሄዱ ሲነሱ ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ጆግ ባዶ ሆኖ አገኙት። ሶሊ ከሥሩ ተቀምጣለች፤ ደረቷ ረጥቧል።

ልሞት ደረስኩ። «ይቅርታ ጋሽ ከማል፤ ባለጌ ሆናብኝ ነው» ብዬ ላነሳት ስል በእጃቸው አገዱኝ።

«ተይ ልጄ። ውሃ ነው፤ ይቀዳል።» ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ይቺ ልጅ ታማለች እንዴ? ውሃ ይጠማታል? ሽንት ትመላለሳለች?»

አያችሁ፣ ያኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ላይደርስ ይችል ነበር። እኔ ግን የስምንት ዓመት ልጄ አልጋ ታረጥባለች ብዬ ለአንድ የመርካቶ ነጋዴ መናገር ሞት መሰለኝ።

«ደህና ናት» አልኩ። «ጉንፋን ቢጤ ነው።»

ጥቂት አዩኝና ወደ መስጊዳቸው ሄዱ።

ቅዳሜ ማለዳ የነቃሁት በጠብታ አይደለም። አንድ የመጎንጨት ድምፅ ነው የቀሰቀሰኝ፤ እንስሳ ሲጠጣ የሚሰማው ዓይነት። ቀና ስል በሩ ገርበብ ብሏል። ቆጡ ባዶ ነው። ወጣሁ።

ግቢው በጭጋግ ተሸፍኗል፤ ዝናቡ ያካፋል። ሶሊ በነጭ የሌሊት ቀሚሷ፣ በባዶ እግሯ፣ ከጣሪያው አሸንዳ ሥር ቆማለች። አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ አፏን ከፍታለች። ከዝገቱ ጋር የሚወርደው ውሃ አፏ ውስጥ ይገባል፤ ትውጣለች፤ እንደገና ይሞላል፤ ትውጣለች። ዓይኖቿ ተገልጠዋል፤ ግን አያዩም።

«ሶሊ» አልኩ። ጠጋ ብዬ ትከሻዋን ስይዘው አጥንት ብቻ ነው። ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«ውስጤ እሳት አለ» አለች። ድምፁ የተሰነጠቀ የአሮጊት ድምፅ ነበር። ትንፋሿ ፊቴን መታኝ። የበሰበሰ ፍራፍሬ የሚመስል፣ ወይም ሴቶች የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቁበትን ፈሳሽ የሚመስል ጣፋጭ ሽታ። ከልጅ አፍ የማይወጣ ሽታ።

ጮህኩ። እትዬ የሺ በጋቢያቸው ወጡ፤ እሳቸውም ሸተታቸው። «ይሄ የሷ ትንፋሽ አይደለም» አሉ እያማተቡ። «ልበሺ፣ አሁኑኑ እንሂድ። አንድ አዋቂ አለ፤ ከሲኒማ ራስ ታክሲ እንይዛለን።»

ቤት አስገብቼ ልብስ ልቀይርላት ስል አስመለሳት። ሆዷን ይዛ ተጠመዘዘች። ከዚያ ፀጥ አለች፤ ትንፋሿ ግን ተቀየረ። ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ጥልቅ፣ ፈጣን፣ የማያቋርጥ። ተኝታ የምትሮጥ ትመስል ነበር። ስጠራት ዓይኗን ትገልጣለች፤ መልሳ ትከድናለች።

በጀርባዬ አዘልኳት። እትዬ የሺ ጃንጥላ ይዘው ከኋላዬ ይከተሉኛል። መርካቶ ገና መከፈቷ ነው፤ ጋሪና ተሸካሚ መንገዱን ሞልቶታል። በሱቄ በር ሳልፍ ጋሽ ከማል መዝጊያቸውን ወደ ላይ እያነሱ ነበር። የሶሊን ትንፋሽ እኔ ሳልናገር ሰሙት።

«ቁሚ!» አሉ።

«እንቸኩላለን ጋሽ ከማል፤ አሟት ነው።»

«ቁሚ አልኩሽ ልጄ!» መርካቶ ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ያኔ ነው የሰማሁት። ጠጋ ብለው አፏ አጠገብ አሸተቱ። ፊታቸው ተለወጠ። «ወዴት ነው የምትወስጂያት?»

እትዬ የሺ «አዋቂ ጋ» አሉ።

«አልጋ ታረጥባለች?» ብለው እኔን ጠየቁኝ። ዓይኔን ከፊታቸው አሸሸሁ። «ንገሪኝ! የማፈሪያ ሰዓት አይደለም።»

«አዎ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ። «ሁለት ሳምንት አለፋት። ጉንዳን ይወርረዋል፤ ሽንቷን ጉንዳን ይወርረዋል...»

ጋሽ ከማል ከኪሳቸው ትንሽ ቦርሳ አወጡ። እሳቸው ራሳቸው የስኳር ሕመምተኛ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። የሶሊን ጣት በንጹሕ መርፌ ወጋ አድርገው ጠብታ ደም በመለኪያው ላይ አሳረፉ። መሣሪያው ጥቂት ቆይቶ ጮኸ። ቁጥር አልሰጠም። ከሚለካው በላይ ሆኖበት ነበር።

«ጂኒ አይደለም» አሉ። «ስኳር ነው። አባቴን የገደለው ይሄው ነው፤ የሱንም ሽንት ጉንዳን ይሰበሰብበት ነበር። ሆስፒታል! አሁን!»

ሱቃቸውን ክፍት ትተው ሮጡ፤ የአንድ ደንበኛቸውን መኪና አስቁመው አስገቡን። መንገዱን ሁሉ «ሶሊ፣ ሶሊ» ስል ነበር። እትዬ የሺ እግሯን አቅፈው ያለቅሳሉ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የተቀበለችን ወጣት ሐኪም ናት። እጆቿ ፈጣኖች ናቸው፤ አነጋገሯ ግን የረጋ። በሶሊ ሁለቱም ክንዶች መርፌ ገባ፤ ፈሳሽ ተሰቀለ፤ ኢንሱሊን ተጀመረ። ከዚያ ሐኪሟ ወደኔ ዞራ ጠየቀችኝ።

«ውሃ ትጠጣ ነበር?»

በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ጥያቄ የለም። «ከልክያት ነበር» አልኩ። «ሦስት ቀን።»

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። አጠገቤ ተቀመጠች። «እናት፣ ስሚኝ። ስኳሩ ደሟ ውስጥ ሞልቶ በሽንቷ እየወጣ ነው። ሲወጣ ውሃዋን ይዞ ይወጣል። ሳትጠጣም የምትሸናው ከገዛ ሰውነቷ እየተቀዳ ነው። ውሃ የሚጠማት የወጣውን ለመተካት ነበር። የትንፋሿ ሽታም ሰውነቷ ስኳሩን መጠቀም አቅቶት ስብ ሲያቃጥል የሚመጣ ነው።»

«ጉንዳኖቹስ?»

«ጣፋጭ ነዋ» አለች ዝቅ ብላ።

«ትተርፋለች?»

«የሚቀጥሉት ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። እየሠራን ነው።»

በየሰዓቱ ጣቷን ወጉ። በየሰዓቱ ቁጥር ጻፉ። እኔ ቁጥሩን ሳይሆን ደረቷን ነበር የማየው። ከቀትር በኋላ ያ ሩጫ የመሰለ ትንፋሽ ቀስ በቀስ ቀነሰ። እትዬ የሺ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ጋሽ ከማል ከጎናቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። አመሻሹ ላይ ሶሊ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ ከሥሯ ያለውን አንሶላ ዳበሰችው።

«እማ» አለች። «አረጠብኩት እንዴ?»

ከሞት አፋፍ የተመለሰች ልጅ መጀመሪያ የፈራችው እኔን ነበር። ያ ጥያቄ ገደለኝ፤ ያ ጥያቄም ነው ሌላ ሰው ያደረገኝ።

«ብታረጥቢውም ምንም አይደለም» አልኳት። «ምንም አይደለም የኔ ልጅ።» መቶ ጊዜ ሳልላት አልቀርም።

ባለቤቴ መንገድ ላይ ሆኖ ስልክ ሲያነሳ ሁሉንም ነገርኩት፤ መከልከሌንም። እሱ ደግሞ በአሥር ዓመት ትዳራችን ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ። «እኔ እስከ አሥራ አንድ ዓመቴ አረጥብ ነበር። በሽታ አልነበረብኝም። እናቴ በሌሊት ተነስታ ልብሴን ትቀይረኛለች፤ ጠዋት ለአንድ ሰው እንኳ ትንፍሽ አትልም። አንድ ቀን ራሱ ተወኝ።» ይህንን ለምን ደበቅከኝ ብዬ ልቆጣ አሰብኩ። ከዚያ የደበቀው ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ገባኝ።

ሶሊ ከሆስፒታል ወጣች። አሁን አሥር ዓመቷ ነው። መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። አልጋ ማርጠቡ ስኳሯ እንደተስተካከለ ነው የቆመው። እትዬ የሺን አልወቅስም። የሰሙትን ነው የነገሩኝ፤ ሲሊንደሩን በርሜል ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።

እናንተ የምታነቡኝ እናቶችና አባቶች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟ ስንወጣ የነገረችኝን ግን ልንገራችሁ። አልጋ የሚያረጥብ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ሕመምተኛ አይደለም። እንቅልፉ ይከብዳል፣ ፊኛው ገና አልጠነከረም፣ ወይ እንደ ባለቤቴ በዘር ይመጣል፤ የሆድ ድርቀትም ያባብሰዋል። ሆን ብሎ የሚያደርገው ግን የለም። ቀን ውሃውን በደንብ ይጠጣ፣ ማታ ረገብ ያድርግ፣ ሳይተኛ በፊት ሽንት ቤት ይግባ፣ ሲደርቅለት አመስግኑት፣ ሲረጥብ አንሶላውን ቀይራችሁ ዝም በሉ። ዱላና ማሳፈር አንድም ልጅ አድርቀው አያውቁም። ትቶት የኖረ ልጅ ድንገት ከጀመረ ግን፣ በተለይ ውሃ እየጠማው የሚከሳ ከሆነ፣ ያኔ ነገ አትበሉ። ያን ዕለት ወደ ሐኪም ውሰዱት። ውሃም አትከልክሉት። ትንፋሹ ከተቀየረ ደግሞ ሩጡ።

በቅርቡ አንዲት እናት ዚፕ ልትገዛ ስድስት ዓመት የሚሆናትን ልጇን ይዛ ሱቄ ገባች። ስትከፍለኝ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስላንቺና ስለ ልጅሽ ሰው ነግሮኝ ነው» አለች። «ይቺ ልጅ... ማታ ማታ...» መጨረስ አቃታት። ልጅቷ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ቀበረች።

እኔም በሹክሹክታ ልመልስላት አፌን ስከፍት፣ ሶሊ ከጀርባዬ ክር እየጠቀለለች ቀና አለች። መንገዱ በሰው ተሞልቷል፤ በሩም ላይ ሁለት ደንበኞች ቆመዋል።

«እኔም አረጥብ ነበር» አለች ጮክ ብላ፣ ስሟን እንደምትናገር ያህል ቀላል አድርጋ። «ብዙ ሰው ያረጥባል። አባቴም።» ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ ለልጅቷ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ ተቀመጪ። ውሃ ይጠማሻል?»

ልጅቷ ከቀሚሱ ውስጥ አንድ ዓይኗን አወጣች። ራሷን ነቀነቀች፤ አይጠማትም። እኔና እናቷ ትንፋሻችንን አብረን ለቀቅን።